የቤት ጠረን

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡና ይቺን ስሙኝ። በአንድ የሕፃናት መዋያ የምትሠራ ሞግዚት ነበረች። አዲስ ልጅ በመጣ ቁጥር ወላጆቹን፣ "ከቤት አንድ ልብስ ተዉልኝ፤ የቤቱ ጠረን ያባብለዋል" ማለት ልማዷ ነበር።

አንድ ሰኞ፣ አንድ አባት ትንሽ ልጁን ምንተስኖትን የእጁን አንጓ ጨብጦ አመጣውና የለበሰውን ጋቢ አውልቆ ሰጣት። "እናቱ ከሄደች ወዲህ ከእኔ ሌላ የለውም። ብቻ አልቃሻ ነው፣ እንዳያስቸግርሽ" አላት።

ልጁ ግን አባቱ ሲሄድ ዞሮም አላየው። የቀረበለትን በላ፤ ከልጆቹ ጋር ሲሯሯጥ አረፈደ። ወጥ ሠሪዋ፣ "አንቺ፣ ይኼን ልጅ አንቺ ነሽ እንዴ የወለድሽው?" ብላ ቀለደችባት። ሞግዚቷም ቶሎ ስለለመደላት ደስ አላት።

የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ግን እንቅልፍ እንቢ አለው። "እሹሩሩ፣ የኔ ጌታ" እያለች የአባቱን ጋቢ አለበሰችው።

ልጁ ደርቆ ቀረ። ሽንቱ አመለጠው። ሁለት እጁን በራሱ ላይ አድርጎ ከጋቢው ሥር በሹክሹክታ፣ "አባዬ፣ ዝም ብያለሁ እኮ" አለ።

ማምሻውን አባትየው በሩን ሲያንኳኳ፣ ሞግዚቷ ልጁን አዝላ ከበሩ ኋላ ቆማ ነበር። አልከፈተችም።

ልጆቼ፣ ይቺን ሴት አደራ አትርሱብኝ።