የናሁሰናይ አድማጮች

ናሁሰናይ ከሮክ ባንዱ የወጣው ሰው ስለጨፈረ ነው። «ሰው የወደደው ሙዚቃ አበቃለት» ብሎ ጊታሩን ነቀለ።

ከዚያ ብቻውን ሁለት ካሴት አወጣ። የመጀመሪያውን ሱቆች መለሱለት፤ ሁለተኛውን ጭራሽ አልተቀበሉትም። አዲስ አበባ ያከራዩት ሴትዮ ደግሞ «ቤቴ ውስጥ ብረት አይታረድም» ብለው አስወጡት።

በ1993 መስከረም ጊታሩን፣ ድምፅ ማጉያውንና አንድ የመኪና ባትሪ በአህያ አስጭኖ፣ ከሞላሌ ወጣ ብሎ ካለው የአክስቱ ቤት ገባ። ገብሱ ማሸት ጀምሯል። በማግስቱ ማለዳ ገደል አፋፍ ላይ ካለው ማሳ ዳር ቆሞ «ጨለማ ቁጥር አራት» የተሰኘውን ሙዚቃውን ለቀቀው። ውሾች ጋጣ ገቡ። አንዲት በግ ጨነገፈች።

«ምን ነካህ አንተ?» አሉ አክስቱ እትዬ የትምወርቅ። «ጎረቤቱ ሰው ሞተ ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ እኮ!»

«ሐዘኑ ገብቷቸዋል ማለት ነው» አለ ናሁሰናይ፣ ደስ ብሎት።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ዱላቸውን ይዘው መጡ። ናሁሰናይ የጫማውን ክር አጠበቀ።

«አንተ ልጅ፣» አሉ አንጋፋው ጋሽ ወዳጆ፣ «ያ የያዘህ ነገር ነገም ይነሣብሃል?»

«በየቀኑ ነው።»

«እንግዲያው ማለዳ ማለዳ ይሁን። ፊትህን ግን ወደ ገደሉ አዙር፤ ወደ ሰው አታድርገው።»

ሰይጣኑን ፈርተው ነው ተባለ። እትዬ የትምወርቅ ጠበል ረጩት። መንደሩ ግን ጠላና እሸት ያመላልስለት ጀመር። ማለዳ ማለዳ ጎልማሶቹ ከኋላው ወንጭፋቸውን ተንተርሰው ይጋደማሉ፤ አንዳንዱም ያንኮራፋል። ናሁሰናይ ይህን «ተመስጦ» አለው።

በጥቅምት የባንዱ መሪ አባይነህ ከአዲስ አበባ ድረስ መጣ።

«ጊታር ተጫዋቻችን ለቋል። ቦታው ያንተ ነው፤ ዛሬ አብረኸኝ ካልተመለስክ ግን ለሌላ እሰጠዋለሁ።»

«ስጠው። እኔ የሚሰማኝ ሕዝብ አግኝቻለሁ።»

አባይነህ የተጋደሙትን አየ። «እነዚህን?» ብሎ ሄዶ አውቶቡሱ ላይ ተሳፈረ።

በሳምንቱ ጋሽ ወዳጆ ብቅ አሉ። ጠላ አልያዙም።

«በቃህ ልጄ። ዕቃህን ሰብስብ።»

ናሁሰናይ ደረቱን ነፋ። «ይገባኛል ጋሼ። ጨለማው ከበዳችሁ፤ አስጠላችሁ።»

«እኛንማ ያስጠላን ገና የመጣህ ዕለት ነው፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ናቸው የወደዱት፤ ያኔ ሲሰሙህ ወደ ገደሉ ይሸሹ ነበር፣ ዛሬ ገብሳችን መሐል ቁጭ ብለው እሸቱን እየፈለፈሉ ያዳምጡሃል።»