የካትዌው ሣጥን

ባሏ መዳፉን ዘርግቶ ፊቷ ቆመ። «ቁልፉን አምጪ። በገንዘቡ ቦዳ ሞተር ልገዛ ነው፤ ሰው እያመላለስኩ እመልሰዋለሁ።» እሷና ሌሎች ስደተኛ ሴቶች ለወሊድ፣ ለሕመምና ለንግድ መነሻ የሚቆጥቡበት፣ ካትዌ ከሚባለው የብረት ሠሪዎች ሠፈር ያሠሩት የብረት ሣጥን አልጋቸው ሥር ነበር። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ያለ አንዳች ክርክር መዳፉ ላይ አኖረችለት። ለጩኸት ተዘጋጅቶ ነበርና ግራ ገባው።

ሣጥኑን ጎትቶ ጓጉንቸሩን ከፈተ። ክዳኑ ግን አልነቃነቅ አለ፤ ግራና ቀኝ ሌሎች ሁለት ጓጉንቸሮች ተንጠልጥለዋል።

«የእነዚህስ ቁልፍ?»

«አንዱ አብራን የምትቆጥበው ፋንቱ ጋ፣ አንዱ ሣጥኑን የበየደችው ናሙቴቢ ጋ። ሦስታችን ካልተገናኘን አይከፈትም። ሂድና እነሱንም እንደ እኔ እዘዛቸው።»

ጓጉንቸሩን ራሱ መልሶ ቆለፈው። ቀና ሲል፣ እሷ መዳፏን ዘርግታ ቆማ ነበር።