የጋቢናው ተረኛ

በሰኔ፣ የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ሰሞን፣ በደረቁ የብራዚል ምድር በሰርታዎ ሙዚቀኛ ቤት የለውም። ዛሬ አንድ ከተማ ሲያስጨፍር ይውላል፣ ነገ ሌላው ይጠብቀዋል፤ በመካከል ያለው አውቶቡስ ነው። ሚስቱን የሚያገኛት በስልክ ነው። ልጁ ጥርስ ማብቀሏንም የሚሰማው በስልክ ነው።

የዘፋኟ የዙሌይዴ ባንድ አውቶቡስ ከኋላ በኩል አንድ ቴሌቪዥንና የእግር ኳስ ጌም ነበረው። ጨዋታውም ሕግ ነበረው። ጉዞ ሊጀመር ሲል ይጋጠማሉ፤ በመጨረሻ የተሸነፈው ጋቢና ገብቶ እስከሚቀጥለው ከተማ ሾፌሩን ያጫውታል። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ አገሩም ሙቀት ነው፤ የሚያወራው ያጣ ሾፌር ያንቀላፋል። ጋቢናን ማንም አይወዳትም። ማቀዝቀዣው አይደርስባትም፣ ሾፌሩ ጋሽ አብዲያስም አንዱን ወሬ አሥር ጊዜ ነው የሚያወሩት።

በዚያ ሰኔ የጋቢናው ተረኛ ሁልጊዜ ቫልዴሲ ሆነ።

ቫልዴሲ የአኮርዲዮን ተጫዋቹ ነው። ሚስቱ ጥላው ስትሄድ የኪራይ ቤቱን መልሶ ልብሱን አውቶቡሱ ውስጥ ሰቀለ። ያኔ ዙሌይዴን ለምነው ያስቀጠሩት ጋሽ አብዲያስ ናቸው። በዓሉ ሲያልቅ ሌሎቹ ወደየቤታቸው ይበተናሉ፤ እሱ የሚበተንበት የለውም። ከዚህ ባንድ ከወጣ የትም የሚጠብቀው ሰው እንደሌለ ሁሉም ያውቃል።

አምና በጌም የሚችለው አልነበረም። ዘንድሮ ግን ባዶ ጎል እንኳ ይስታል። ከበሮ መቺው ኤድናልዶ ደግሞ አፉ አያርፍም።

«አንተ እኮ ብቻህን ብትሮጥም ሁለተኛ ነው የምትወጣው።»

«ዕድሜ ነዋ፤» ይልና ቫልዴሲ ወደ ጋቢና ይሄዳል።

አንድ ከሰዓት ኤድናልዶ ልጁ በእግሯ ስትሄድ በስልክ አይቶ ጆይስቲኩን አስቀመጠ። ጌም ደግ ነው፣ ስትሸነፍ እንደገና ጀምር ይልሃል፤ የልጄን የመጀመሪያ እርምጃ ግን ማን እንደገና ያስጀምርልኛል አለ። ቫልዴሲ፣ የሚናፍቅህ ሰው ካለህ ሀብታም ነህ አለው። ከዚያም ሦስት ለባዶ ተሸንፎ ተነሳ።

ጋቢና ከገባ ድምፁ አይቋረጥም። ስለ ፍየል ያወራል፣ ስለ ድልድይ፣ ስለሚመጣው የጭነት መኪና። ብቸኝነት ሰውን ሕፃን ያደርጋል ይባባላሉ ከኋላ። ማደያ ሲቆሙ ከጋሽ አብዲያስ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይወርዳሉ፤ ቡናውን እጃቸው ላይ የሚያኖርላቸውም እሱ ነው። ኤድናልዶ ሙሽሮቹ መጡ እያለ ያስቃል። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም፣ ግን ሳቅ ነው።

በመጨረሻ ነገሩ መድረክ ላይ ወጣ። ቫልዴሲ አንድ ምሽት አንድ ኖታ ሳተ፣ በማግስቱ ደግሞ መግቢያውን አሳለፈ። የዙሌይዴ ጆሮ አይሸወድም። በማግስቱ ምሳ ላይ ሌሎቹ የፍየል ጥብሳቸውን ሲበሉ ለብቻው ጠራችው።

«ጣትህን አሞሃል? እውነቱን ንገረኝ፣ አሳክምሃለሁ።»

«ጣቴ ደህና ነው። ደክሞኝ ነው።»

«ተቀምጠህ እየሄድክ ምን ያደክምሃል?»

ቫልዴሲ ጋሽ አብዲያስ ወደተቀመጡበት ጠረጴዛ አየ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ሳህኑን በሹካ ይፈልጉታል።

«ዕድሜ ነዋ፤» አለ።

ዙሌይዴ ከፊታቸው ባለው ከተማ ሌላ ተጫዋች እንዳገኘች ነገረችው። ቤትህ ሄደህ እረፍ አለችው። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ምን እንዳለች ገባትና ደነገጠች። ቫልዴሲ እሺ ብቻ አለ።

ልብሱን ሰብስቦ አኮርዲዮኑን ካነገተ በኋላ በሾፌሩ መስኮት በኩል ዞረ።

«ጋሼ፣ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ለዙሌይዴ ይንገሯት። አደራ።»

«እነግራታለሁ፤» አሉ ጋሽ አብዲያስ።

ኤድናልዶ ሰምቶ ነበር። ምስኪን፣ ሽማግሌ እየላከ ነው አለ በልቡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም መሳቅ አልቻለም።

ቫልዴሲ ከመንገዱ ማዶ ባለ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ዕቃው ላይ ተቀመጠ። አይሄድም፣ አይጠራም፤ አውቶቡሱን ብቻ ያያል። ከኋላ ጌሙ ተከፈተ፣ ጨዋታ ያማረው ግን አልነበረም። ጆይስቲክ ነክታ የማታውቀው ዙሌይዴ ከኤድናልዶ ጋር ልትጋጠም ተቀመጠች፤ ልቡ ውጭ ነበርና አሸነፈችው። ማንም አላጨበጨበላትም።

ኤድናልዶ ጋቢና ሲገባ ሞተሩ ተነስቷል። በመስተዋቱ ቫልዴሲ ከተቀመጠበት ብድግ ሲል፣ ከዚያም እጁን እያውለበለበ ሲሮጥ አየው። አውቶቡሱ ግን ጥጉን ታጠፈ።

«ጋሼ፣ ስለ ቫልዴሲ ዙሌይዴን ሊያናግሯት አልነበር?»

«በዓሉ ይለፍ፣ አናግራታለሁ። አሁን ብናገር እኔንም ታወርደኛለች።»

«እርስዎን ደግሞ ለምን?»

ጋሽ አብዲያስ አውቶቡሱን ወደ ዋናው መንገድ አስገብተው ነዳጁን ረገጡ።

«በል የኔ ልጅ፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንደ ቫልዴሲ ከፊት የሚመጣውን ሁሉ ቶሎ ቶሎ ጥራልኝ፤ የኔ ዓይን መንገዱን ካየው ቆየ።»