የባዮኬሚስትሪው ዲ

መምህር ሌንጂሳ ትራንስክሪፕቱን በእስክሪብቶ ጫፍ ነካ ያደርጉና ዓይናቸውን ያነሳሉ።

«ኬሚስትሪ ሲ፣ ፊዚዮሎጂ ሲ፣ ባዮኬሚስትሪ ዲ። ይሄ ምንድን ነው፣ ኑሃ?»

ኑሃ ሆሞሻ ጤና ጣቢያ ስድስት ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆና ሠርታለች። የማስተርስ መግቢያ ፈተናውን አልፋለች፤ የቀራት ይህ ቃለ መጠይቅ ብቻ ነው። ለዚህ ጥያቄ «ያኔ ታምሜ ነበር» ልትል አስባ፣ አሶሳ እስክትደርስ ሚኒባስ ውስጥ ስትለማመደው ነው የመጣችው።

ግን ዲውን የሰጧት እኚሁ መምህር ናቸው። አላወቋትም።

«ማን ነበር ያስተማረሽ?»

ውሸቱን ትተወዋለች። «እርስዎ ነዎት፣ መምህር።»

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ቢሊሴ ከኮምፒውተራቸው ቀና ይላሉ። መምህር ሌንጂሳ መነጽራቸውን ያወልቃሉ።

«እና ምን ሆነሽ ነው?»

«በእንግሊዝኛ ነበር የሚያስተምሩት። እኔ በልቤ መጀመሪያ ወደ አማርኛ፣ ከዚያ ወደ አፍ መፍቻዬ በርትኛ እመልሳለሁ። አንዱ ቃል እስኪገባኝ እርስዎ ሰሌዳውን አጥፍተዋል።»

አለቀልኝ፣ ትላለች በሆዷ።

«እሺ» ይላሉ ዶክተር ቢሊሴ። «ደም ግፊት ያለባት ነፍሰ ጡር እያንዘፈዘፋት ብትመጣልሽስ?»

«ማግኒዥየም ሰልፌት እሰጠዋለሁ… እሰጣታለሁ።» ስትጨነቅ ወንድና ሴቱ ይምታታባታል። «ከዚያ ጉልበቷን በትንሿ የጎማ መዶሻ መታ አደርጋለሁ። እግሯ ካልተወራጨ ቀጣዩን መርፌ አልሰጥም፤ ከሰጠሁ ትንፋሿ ይቆማል።»

«ለምን ይቆማል?» ይላሉ መምህር ሌንጂሳ።

 

«አላውቅም። ለአምስት እናቶች ሰጥቻለሁ፤ አልሐምዱሊላህ፣ አምስቱም ተርፈዋል። ግን መድኃኒቱ ውስጣቸው ገብቶ ምን እንደሚሠራ አላውቅም። ስድስተኛዋ እጄ ላይ እንዳትቀር እፈራለሁ። የመጣሁት ለዚህ ነው።»

ሁለቱ ይተያያሉ።

«አልዋሽሽም፣ የዲግሪ ነጥብሽ አይበቃም» ይላሉ ዶክተር ቢሊሴ። «ግን ባዮኬሚስትሪን ከመጀመሪያ ዓመት ልጆች ጋር ቁጭ ብለሽ ደግመሽ ካለፍሽ፣ ለሚቀጥለው ዓመት እንቀበልሻለን። ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።» ድምጿ የራሷ አይመስላትም።

ቀጣዩ አመልካች በር ያንኳኳል። ኑሃ ልትነሳ ስትል መምህር ሌንጂሳ «ይጠብቅ» ይሉና ወንበራቸውን ጎትተው አጠገቧ ይቀመጣሉ። ባዶ ወረቀት ላይ የነርቭ ጫፍ ይስላሉ፤ ፊት ለፊቱ ጡንቻ። በአማርኛ፣ ቀስ እያሉ ያስረዷታል፦ ማግኒዥየሙ የካልሲየሙን መግቢያ ይዘጋል፣ የነርቩ ትእዛዝ ጡንቻው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። መጀመሪያ ጉልበት ይሰንፋል። መድኃኒቱ ከበዛ፣ ቀጥሎ የሚሰንፈው የመተንፈሻው ጡንቻ ነው።

ኑሃ ወረቀቱ ላይ እንዳጎነበሰች አምስተኛዋ እናት ትዝ ትላታለች፤ ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ። ኑሃ የእናቲቱን ጉልበት አንዴ መታች፤ ዝም። ደግማ መታች፤ የእግሯ አውራ ጣት ብቻ ንቅንቅ አለ። ያኔ ቀጣዩ መርፌ ተሞልቶ በኑሃ ሌላ እጅ ላይ ነበር፤ ቀጥሎ የሚሰንፈው የእናቲቱ ትንፋሽ እንደነበር አሁን ገባት።