በአካል ይቅረቡ

ተራ ቁጥር የምትሰጠዋ ማሽን «ትርር» ብላ አርባ አንደኛዋን ወረቀት ትተፋለች። ወረቀቷ ወለሉ ላይ አትወድቅም። የተቀበላት ሰው ያለ ይመስል በአየር ላይ ቀስ ብላ ትሄድና አንዱ ባዶ ወንበር ላይ ታርፋለች።

«ጥበቃ!» ይላል ጋሽ ማኅተም ከመስታወቱ ኋላ። «ማሽኗን ማነው የሚነካካት?»

«እኔ ምን አውቄ ጋሼ! ከኚህ እናት በቀር ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነፍስ አልገባም።» ጥበቃው «ነፍስ» የምትለዋን ቃል መልሶ ሊውጣት ይታገላል።

ትርር። አርባ ሁለት።

ጋሽ ማኅተም የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ ነው። እውነተኛ ስሙን ሚስቱ እንኳ ረስታዋለች። ሃያ ሁለት ዓመት ማኅተም ሲደልቅ ቀኝ ትከሻው ከግራው በአንድ ስንዝር ወርዷል። አንድ ቀንማ በእንቅልፍ ልቡ ተነስቶ አማቱን ግንባራቸው ላይ «ገቢ ሆኗል» ብሎ መትቷቸው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሲታጠቡ አልለቅ እንዳላቸው ምሎ ተገዝቶ ያወራል።

ዛሬ ግን ወሬ የለውም። አሮጊቷ ያንኑ ፋይል በመስኮቱ ቀዳዳ መልሳ እየገፋችለት ነው።

ባለፈው ማክሰኞም አምጥታው ነበር። የድንበር አካባቢ አዋላጅ ናት፤ ከወንዙ ወዲህም ማዶም ታዋልዳለች። ማመልከቻው እንደሚለው የጎረቤት አገር ወታደሮች ከወንዙ ማዶ ባለች መንደር ሰማንያ ሦስት ሰው ፈጅተው ኖራ ጉድጓድ ውስጥ ከተዋል። የማዶው መንግሥት ደግሞ «ሰዎቹ በሰላም ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል» ባይ ነው። እናም መንግሥታችን አምባሳደራቸውን ዛሬውኑ ጠርቶ ያፋጥጥልን፣ መርማሪ ሳያየው ጉድጓዱ እንዳይነካ ይከራከርልን ይላል። ከግርጌው የሰማንያ ሦስት አመልካች ስም አለ፤ ፊርማ ግን የለ፣ አሻራ የለ። ጋሽ ማኅተም እንደ ልማዱ በቀይ እስክሪብቶ «አመልካቾች በአካል ቀርበው አሻራቸውን ያኑሩ» ብሎ ጫረበትና መለሰላት።

«ለመሆኑ አንብበኸው ነበር?» ትለዋለች አሁን።

«እንዴታ እማማ! ነጥብ አልቀረኝም።»

«ውሸታም። ብታነበውማ በአካል ይምጡ አትልም ነበር። ከሳሾቹ እነሱ ናቸው ብዬ ነው ስማቸውን የደረደርኩት። ሰማንያ ሦስቱም ጉድጓዱ ውስጥ ናቸው፤ አካል ከየት ይምጣ ልጄ?»

ጋሽ ማኅተም ፋይሉን ይገልጣል። «ታዲያ... እርስዎ ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ? ወንዙ ዳር ቆሜ የጻፍከውን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የመንግሥት ቃል አይደል? መንገር አለብኝ።»

ትርር። ትርር። ትርር።

ከስድስት ሰዓት በፊት መዝገብ ያልገባ ወረቀት ስምንት ሰዓት ላይ ከሚሰበሰቡት ሚኒስትሮች ጠረጴዛ አይደርስም። ማዶ ደግሞ ጉድጓዱን ደምድሞ የሚደለድለው ግሬደር ቀርቧል፤ ነገ ጠዋት ይጀምራል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለስድስት ሩብ ጉዳይ ይላል። ያልቀረበውን ቀረበ ብሎ በሐሰት ቢመዘግብ ደግሞ እንጀራውን የሚያጣው ራሱ ጋሽ ማኅተም ነው።

«ማክሰኞ ይመለ—»

ማሽኗ ጸጥ ትላለች። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ባዶ ወንበሮች ሁሉ ሲጥጥ ይላሉ፤ የተቀመጠባቸው ሰው ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞረ ያህል።

መስታወቱ ላይ አንድ አሻራ ያርፋል። ጣት የለም፤ አሻራ ብቻ። እንደ ኖራ ነጭ ነው፣ ከላይ በኩል ግማሹ የለም። ጋሽ ማኅተም በእጅጌው ይጠርገዋል፤ አይለቅም። ፋይሉን ሲያይ ከመጀመሪያው ስም ጎን ያው ግማሽ አሻራ ተቀምጧል።

«ባለ ወፍጮው ናቸው» ትላለች አዋላጇ ረጋ ብላ። ከጎኑ ሌላ አሻራ ያርፋል፣ ቀጥሎም ሌሎች። «አውራ ጣታቸውን ወፍጮ በልቶባቸዋል። ይሄ መምህሩ ነው፤ ጠመኔ ይመስላል አይደል? እነዚህ የተደራረቡት መንትዮቹ ናቸው። ሲወለዱም እንዲሁ ሲጋፉ ነው።»

አሻራ በአሻራ ላይ ይረግጣል፣ መስታወቱ ይነጣል፣ ማሽኗ ያለ ፋታ ትተፋለች። ወንበሮቹ ይንጫጫሉ።

«ተራ በተራ!» ይጮኻል ጋሽ ማኅተም፤ ሃያ ሁለት ዓመት የለመደ አፍ ነው። «አትጋፉ! ሁላችሁም ትስተናገዳላችሁ!»

ጫጫታው ቀጥ ይላል። ከዚያ ወዲህ አሻራው አንድ ባንድ፣ በሥርዓት ይመጣል። ጥበቃው ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል።

ሰማንያ ሦስት። ለስድስት ሦስት ደቂቃ ጉዳይ። ጋሽ ማኅተም መዝገቡ ላይ «አመልካቾች በአካል ቀርበዋል» ብሎ ይጽፋል፤ የእጅ ጽሑፉ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ይመስላል። ማኅተሙን ያነሳል።

ትርር።

«ሰማንያ አራት?» ይላል። «እማማ፣ አንድ ትርፍ አለ። ዝርዝሩ ላይ የለም።»

አዋላጇ ወንበሮቹን ታያለች፣ ወረቀቷን ታያለች። እስካሁን ያልተንቀጠቀጠ ድምጿ ይሰበራል።

«የባለ ሱቁ ሚስት ቀኗ ደርሶ ነበር። ላዋልዳት ስወጣ ወንዙ ሞልቶ... ዘገየሁባት።»

«ስም?»

«ማን ያውጣለት?»

ጋሽ ማኅተም ሰማንያ አራት ቁጥርን ይጽፍና የስሙን ቦታ ክፍት ይተወዋል። ጎንበስ ሲል ያያታል፤ ከመስታወቱ ግርጌ፣ ከሁሉም ዝቅ ብላ፣ ምስር የምታክል ነጭ አሻራ።

ያ ጠረጴዛ ሲያናውጥ የኖረ እጅ ማኅተሙን ይዞ ይወርዳል። የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ ያህል፣ ድምፅ ሳያሰማ ወረቀቱ ላይ ያሳርፈዋል።