ለፎቶ የተነሡ እጆች

«ሀርካ ካሳ! እጅ አውጡ!» አለ ጅራታ፣ የመስኖ ውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ። ከሾላው ሥር የተቀመጠው ሰው ሁሉ እጁን ሰቀለ። ምን እንደሚጸድቅ የነገራቸው የለም። የጠየቀም የለም።

መንበረ ብቻ እጇን ከጉልበቷ ላይ አላነሣችም። የኮሚቴው ምክትል ሰብሳቢ ናትና ከፊት ነው ያስቀመጧት። ከቀሚሷ በላይ ያጠለቁላት ነጭ ካናቴራ ደረቱ ላይ «ውሃችን የጋራችን» የሚል ጽሑፍ አለው፤ አንገቷን እየበላት ነው።

«ምኑን ነው የምናጸድቀው?» አለች።

ከመቱ ከተማ የመጣችው የፕሮጀክቱ ባለሙያ ትህትና ካሜራዋን ከዓይኗ ዝቅ አድርጋ ሳቀች። ልጅ እግር ናት፤ ሳቋም ክፋት የለበትም።

«ምንም አይደለም እትዬ፣ ለፎቶ ነው። የውሃ ተራው ደንብ የጸደቀ ዕለት ፎቶ አልተነሣም። ሴቶች ሲሳተፉ እንዲታይ ብለን ነው።»

«ደንቡ ሲጸድቅ እኔ የት ነበርኩ?»

ጅራታ ከባለሙያዋ አፍ ቀደመ። «እርስዎማ ነበሩ እንጂ! ያለ እርስዎ መች ተሰብስበን እናውቅና!»

ሁልጊዜ «አንቺ» የሚላት ሰው ነው። እንግዳ ፊት ሲሆን «እርስዎ» ሆነች። ይህን እያለ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ። ለእንግዶቹ የታረደውን ፍየል ሲመትር ነበር የቆየው፤ የጣቶቹ ሞራ ካናቴራውን ዘልቆ ገላዋ ላይ የተለጠፈ መሰላት።

ውሸት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በርግጥም በቦታው ነበረች። ደንቡ በጅራታ ሳሎን ሲጸድቅ እሷ ጓሮ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ምክትል ተብላ ከተመረጠች ጀምሮ ስብሰባ ማለት ለእሷ ድስትና ጭስ ነው። ወንዶቹ በልተው፣ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ሲወጡ ውሃው ተከፋፍሎ ያልቃል።

ወደ ሶር ወንዝ ከሚወርደው ጅረት የተጠለፈው ቦይ መጀመሪያ መኪና መንገዱ ዳር ያለውን የጅራታንና የወንድሞቹን ማሳ ያጠጣል፤ ከዚያ ነው ቁልቁል የሚሄደው። ከጥምቀት ወዲህ ግን ከጅራታ ማሳ በታች አፈር በተሞሉ ከረጢቶች ተደፍኗል። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ነው፤ ከመኪና ሲወርድ ዓይኑ ለምለም ላይ እንዲያርፍ። እታች ያለው የመንበረ ሽንኩርት ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። የጎረቤቷ የኡምሰልማ ጎመን ሲነኩት እንደ ደረቅ ትንባሆ ይፈረፈራል።

መንበረ ዞር አለች። ኡምሰልማ ከኋላዋ ተቀምጣለች፤ እጇን ከሰው ሁሉ በላይ ሰቅላለች።

«አንቺም?» አለቻት።

ኡምሰልማ እጇን ሳታወርድ ጎንበስ ብላ አንሾካሾከች። «ምን ላድርግ እትዬ መንበረ? ጅራታ ዛሬ እጅ ካላወጣሽ ለከርሞም ተራ የለሽም ብሎኛል። ልጆቼን ምን ላብላቸው?»

መንበረ ያንን የተሰቀለ እጅ፣ ጥፍሩ ሥር የገባውን የደረቀ አፈር ስታይ ማንን መጸየፍ እንዳለባት ግራ ገባት።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ትህትና ካሜራዋን እያስተካከለች፣ «ትንሽ ወደዚያ ፈቀቅ ይበሉልኝ። አንድ ሰው እጁን ሳያወጣ ከታየ ፎቶው አያምርም።»

መንበረ ተነሥታ ፈቀቅ አለች። ከዚያም አልቆመችም። ሾላውን አልፋ፣ ለዕይታ ከተደረደሩት አዳዲስ ዶማዎች አንዱን መዝዛ ቁልቁል ወደ ቦዩ ወረደች። ቀሚሷን ሰብስባ ገባችና የላይኛውን ከረጢት በዶማው ቀደደችው። ከውስጡ ጥቁር፣ የከረፋ ጭቃ ተዘረገፈ። ሽታው ሲመታት ፊቷን አዙራ፣ ዶማውን ጥላ፣ የታችኛውን በእጇ ጎተተች።

«ማል ጎታ?» ብሎ ጮኸ ጅራታ። «አንቺ ሴትዮ! ምን እያደረግሽ ነው?» ዱላውን ይዞ ወደ ታች ተንደረደረ።

ትህትና ግን ቀድማው ደረሰች። ካሜራዋ ዓይኗ ላይ ነው።

«እንዴት ያምራል! እንደሱ ይቀጥሉ እትዬ፣ ቀና አይበሉ! ይሄንን ነበር የምፈልገው፣ ሴት ራሷ ቦይ ስትከፍት!»

ከላይ አንዱ አጨበጨበ። ሌሎቹም ተከትለው አጨበጨቡ።

ጅራታ ከቦዩ አፋፍ ላይ ተገትሮ ቀረ። አንዴ ካሜራውን፣ አንዴ መንበረን አየ። ዱላውን ወረወረና የተወለወለ ጫማውን እንዳደረገ ዘሎ ገባ። የወደቀውን ዶማ አንሥቶ አጠገቧ ቆመ፤ ክንዱን በትከሻዋ አዞረ። ሲስቅ በጥርሶቹ መሃል የተሰካው ሥጋ ታየ።

«እዚህ ሀገር ወንድና ሴት አንለይም» አለ ጮክ ብሎ። «ሁሉም በጋራ ነው!»

ካሜራው ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ጅራታ ፈገግታውን ሳያጥፍ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ፤ ትንፋሹ ፍየል ፍየል ይላል።

«ማምሻውን እደፍነዋለሁ።»

የመጨረሻው ከረጢት በራሱ ተንሸራተተ። ውሃው ጭቃውን፣ ገለባውን እየገፋ በእግሮቿ መሃል ቁልቁል ተለቀቀ። ከሾላው ሥር ኡምሰልማ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሰረች ወደ ማሳዋ ትሮጣለች።

የመንበረ አፍ ምራቅ ሞላ። ልትተፋ ጎንበስ አለች። ከሥሯ ወደ ማሳዎቹ የሚሄደውን ውሃ አየችና ምራቋን መልሳ ዋጠች።