የፈረሱ ግራ አፍንጫ

ኩመራ ያን ዳማ ፈረስ ደዶ ገበያ አውጥቶ የሸጠው ቡና ለቀማው በደራበት በኅዳር ነው። በሦስተኛው ወር ፈረሱን የገዙት ሴትዮ፣ አዴ ዘይቡ፣ ደወሉለት። ስልኩን ያገኙት ከሽያጩ ወረቀት ላይ ነው።

«ፈረሱ ብሶበታል» አሉት። «ሐሙስ ጠዋት ጅማ፣ የእንስሳት ሕክምናው ጋ እጠብቅሃለሁ። እንዳትቀር።»

ኩመራ እሺ አለ። ሌላ ምን ይላል?

ጅማ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ ጋሪ ሲነዳ ስምንት ዓመቱ ነው። እስከ ኅዳር ድረስ ሰው አታሎ አያውቅም ነበር። ፈረሱን ሰኮሩ ላይ ሬድዋን ከሚባል ደላላ ሲገዛው አፍንጫው ደረቅ፣ ዓይኑ ጥሩ ነበር። በማግስቱ ፈረሱ ሲያነጥስ ከግራ አፍንጫው የተጠቀለለ ጨርቅ ወደቀ፤ የሚከረፋ መግልም ተከተለው። ሬድዋን ስልኩን አጥፍቷል። ኩመራ ሁለት ወር ሙሉ ሲረግመው ከረመ። ኋላ ግን ተሳፋሪው ሁሉ ሽታውን እየሸሸ ጋሪው ባዶውን ሲቆም፣ እሱም የረገመውን ሰው ሥራ ሠራ። አፍንጫውን አጠበ፣ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ሸጎጠ፣ ደዶ ወጣ።

የሚያንገበግበው የሽያጩ ነገር ነው። ከመጡት ገዢዎች ሁሉ የፈረሱን አፍ ያልከፈቱት፣ ጥርሱን ያላዩት አዴ ዘይቡ ብቻ ነበሩ። ጤናውን እንኳ አልጠየቁም። ቢጠይቁት ይዋሻቸው ነበር፤ ውሸቱም እንደ ማንኛውም የገበያ ውሸት በተረሳ። እሳቸው ግን ግንባሩን ዳሰስ አደረጉት፣ አልተከራከሩም፣ ገመዱን ተቀብለው ሄዱ። ጨርቁም እዚያው አፍንጫው ውስጥ እንዳለ ሄደ። ባላቸው የሞቱባቸው ብቸኛ ሴት መሆናቸውን ሰው የነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ኩመራ እህል ሲቀርብለት እንኳ ያ ጨርቅ ፊቱ ላይ ድቅን ይላል።

ሐሙስ ሲደርስ ፈረሱ በብረት መቆሚያው ውስጥ ገብቶ ቆሟል። ከስቷል። የግራ ጉንጩ አብጧል፤ ከግራ አፍንጫው ቢጫ መግል ይወርዳል። ኩመራ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

ሐኪሟ ዶክተር ፍቅር እጅጌዋን ሰብስባ መጣች። «መቼ ነው የጀመረው?»

«ሁለት ክረምት አልፎታል» አሉ አዴ ዘይቡ፣ ዓይናቸውን ኩመራ ላይ ጥለው።

ኩመራ ክው አለ። እሳቸው ጋ ከመጣ ሦስት ወሩ ነው፤ እሱ ጋ የቆየውም ሁለት ወር ብቻ። ይህን የሚያውቁት ሬድዋንን አግኝተው ካወጣጡት ነው ማለት ነው። እንግዲያው የጠሩት በሐኪም ፊት ሊያዋርዱት ነው። ልሂድ አልሂድ እያለ እዚያው ቆመ።

ዶክተር ፍቅር የፈረሱን ጉንጭ በጣቶቿ ጫፍ መታ መታ አደረገች። ቀኙ እንደ ባዶ ቅል ያስተጋባል፤ ግራው ድፍን ነው።

«ከአንድ አፍንጫ ብቻ መፍሰሱ ሳንባው አለመሆኑን ያሳያል» አለች። «እዚህ ከዓይኑ በታች አጥንቱ ውስጥ ክፍተት አለ፤ እሱ ነው መግል የሞላው። ምክንያቱ ወይ የበሰበሰ ጥርስ ነው፣ ወይ ገብቶ የቀረ ባዕድ ነገር።»

ባዕድ ነገር ስትል ኩመራ ገደልኩት አለ በሆዱ።

«ራሱን ማን ይይዝልኛል?»

«ሁለታችንም እንይዛለን» አሉ አዴ ዘይቡ። «ቦቃ፣ አይዞህ።» ፈረሱ ጆሮውን ወደ እሳቸው አዞረ። ኩመራ ዳማ እያለ ሲጠራው አንድም ቀን ዞሮለት አያውቅም። ደግ እጅ ላይ ወድቆ ነበር ብሎ አሰበ፤ ይህም የባሰ አሳፈረው።

ማደንዘዣው ተወጋ። ዶክተር ፍቅር ጉንጩን ላጭታ፣ አጥንቱን በስታ ቀጭን ቱቦ አስገባችና ለብ ያለ የጨው ውሃ ለቀቀች። መግሉ በአፍንጫው በኩል እየተግበሰበሰ ባልዲው ውስጥ ወረደ። ኩመራ እያንዳንዱን ጓል በዓይኑ ተከተለ። ውሃው እስኪጠራ ድረስ ጨርቅ የሚባል ነገር አልወጣም።

ከዚያ ሐኪሟ የፈረሱን አፍ በብረት ከፍታ በባትሪ አየች። «ይኸው። የላይኛው መንጋጋ ጥርሱ ተሰንጥቋል። ሥሩ በስብሶ ወደዚያ ክፍተት ሲያመግል ነው የኖረው።» ጥርሱን ነቅንቆ ለማውጣት አንድ ሰዓት ፈጀ።

«ይድናል?» አለ ኩመራ።

«በየቀኑ ከታጠበ ይድናል። ግን ሕመሙ የቆየ ነው። እያወቀ ችላ ያለው ሰው ያኔ ቢያመጣው ኖሮ እንዲህ ባልተሠቃየ።» ይህን ብላ እጇን ልትታጠብ ሄደች።

ኩመራ ከዚህ በላይ አልቻለም። «አዴ ዘይቡ፣ የሸጥኩልዎ ቀን አፍንጫው ውስጥ...»

«ጨርቁን አውጥቼዋለሁ» አሉ ረጋ ብለው። «ገና ከገበያው ሳልወጣ።»

«አውቀው ነው እንዴ የገዙት?»

«አውቄ ነው።»

«እንግዲያው ሊያዋርዱኝ ከጠሩኝ ይገባኛል። በድዬዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«አፉ ብያለሁ፣ ወላሂ።» እጁን ያዙት። አልለቀቁትም።

«ረመዳን ሊገባ ነው ልጄ፣ አንተም አፉ በለኝ» አሉት። «ሰኮሩ ላይ ሬድዋን የሸጠልህ የእኔን ፈረስ ነው፤ ሕመሙን እያወቅሁ ነው የሰጠሁት።»